ትንቢቱና ዳኛው

ሰው በመሬት ቢካሰስ ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠራል፤ በገንዘብ ቢካሰስ ምስክርና ጽሑፍ ይቀርባል። በሃይማኖት የተካሰሰ እንደ ሆነ ግን ዳኛው ማን ነው? ምስክሩስ ከወዴት ይመጣል? ይህን ጥያቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ረጅም ዕድሜ ካላቸው የዓለም ሙግቶች አንዱ በአይሁድና በክርስቲያን መካከል ስለ መሲሕ የሚደረገው ሙግት ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚጠቅሷቸው ነቢያት አንድ ናቸው፤ አብርሃም ለሁለቱም አብርሃም ነው፤ ኢሳይያስም ለሁለቱም ኢሳይያስ ነው። ዳሩ ግን አንዱ ወገን ትንቢቱ በኢየሱስ ክርስቶስ ተፈጸመ ሲል፣ ሌላው ወገን ገና አልተፈጸመም ይላል። ነገሩ ሁለት ወንድማማች አንድ የኑዛዜ ወረቀት ይዘው ስለ አንድ ርስት እንደሚሟገቱ ያለ ነው።

እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሁለት ሺህ ዓመት ሙግት ለመቋጨት አልተነሣሁም፤ የማይቻለውን የሚጀምር ሰው የሚቻለውንም ሳይሠራ ይቀራልና። የማነሣው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ንጉሥ ፊት የተደረገውን አንድ ክርክር ነው፤ ይኸውም በ1263 በሐምሌ ወር በባርሴሎና የተደረገው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ። ይህን ክርክር የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሁለቱ ወገኖች ዋና ዋና ማስረጃዎች በአንድ አዳራሽ ተሰምተውበታል። ሁለተኛ፣ ሰው ስለ እውነት ሲሟገት እውነትን ራሷን ምን እንደሚያደርጋት በግልጥ ያሳያል።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ትሪፎን ከሚባል አይሁዳዊ ጋራ ስለ ነቢያት ያደረገውን ንግግር ጽፎ ትቶልናል። በዚያን ጊዜ ክርስቲያኑም አይሁዳዊውም በሮማ ቄሣር ሥር የሚኖሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን የሌለው ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በመካከላቸው መራራ ቃል ቢኖርም በመጨረሻ መልካም ተመኛኝተው ተለያዩ። ክርስትና የነገሥታት ሃይማኖት ከሆነ በኋላ ግን የክርክሩ ጠባይ ተለወጠ። በሰባተኛው መቶ ዓመት የቢዛንጥያ ንጉሥ ሕርቃል አይሁድ በግድ እንዲጠመቁ አዘዘ። በዚያ ዘመን የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ፤ በግድ የተጠመቀ ያዕቆብ የሚባል አይሁዳዊ እንደ እርሱ በግድ ለተጠመቁት ወገኖቹ ኢየሱስ እውነተኛው መሲሕ መሆኑን ከነቢያት እየጠቀሰ ሲያስረዳ ያሳያል። ይህ መጽሐፍ ወደ እኛም አገር ደርሶ በግእዝ ሰርጊስ ዘአበርጋ በሚል ስም ይታወቃል። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ መጽሐፍ ጥምቀቱ ይቀድማል፤ ማስረጃው ይከተላል። በ1240 ደግሞ በፓሪስ ታልሙድ የተባለው የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ራሱ እንደ ወንጀለኛ ለፍርድ ቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም 24 ጋሪ ሙሉ የእጅ ጽሑፍ በእሳት እንደ ጠፋ ይነገራል። እንግዲህ ወደ ባርሴሎና የተጠራው አይሁዳዊ መምህር ይህን ሁሉ እያወቀ ነበር የሄደው።

ይህ መምህር ረቢ ሙሴ ቤን ናሕማን ይባላል። በ1194 በጂሮና የተወለደ ሲሆን፣ በክርክሩ ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ነበር። ሕክምና ያውቃል፤ በኦሪት ላይ የጻፈውም ትርጓሜ እስከ ዛሬ ድረስ በአይሁድ ዘንድ ይነበባል። የጠራው የአራጎን ንጉሥ ቀዳማዊ ያዕቆብ ነው፤ ስፓኞች ሐይሜ ይሉታል። ይህ ንጉሥ ማዮርካን በ1229፣ ቫሌንሲያን በ1238 በጦር ይዞ ድል አድራጊ የተባለ ነው። በንጉሡ አጠገብ ራሞን ዴ ፔኛፎርት ተቀምጧል፤ እርሱም የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ ሆኖ በ1234 የቤተ ክርስቲያንን የሕግ መጽሐፍ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለዘጠነኛው ጎርጎርዮስ ያዘጋጀ ታላቅ ሊቅ ነው። ተሟጋቹ ግን ፓብሎ ክሪስቲያኒ ነበር። ፓብሎ ከአይሁድ የተወለደ፣ በኋላም ተጠምቆ የዶሚኒካን መነኩሴ የሆነ ሰው ነው፤ የቀድሞ ወገኖቹን መጻሕፍት ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ስለዚህ የመረጠው መንገድ አዲስ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታልሙድን ሲያወግዙ፣ እርሱ ግን መሲሕ እንደ መጣ ከታልሙድ ከራሱ አስረዳለሁ አለ።

ሙሴ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ለመነ፤ እንደ ልቡ የመናገር ነፃነት። ንጉሡም ራሞንም ስድብ እንዳይናገር አስጠንቅቀው ፈቀዱለት። የሚከራከሩባቸውም ነገሮች ተለይተው ተነገሩ፤ መሲሕ መጥቷል ወይስ ገና ይመጣል? መሲሕ አምላክ ነው ወይስ ከወንድና ከሴት የሚወለድ ሰው ብቻ? እውነተኛውን ሕግ የያዘውስ ማን ነው? በዚህም መሠረት አራት ቀን ተቀምጠው ተሟገቱ።

ፓብሎ የጀመረው ያዕቆብ ልጆቹን ሲባርክ ለይሁዳ ከተናገረው ቃል ነው፤ ይኸውም የባለ መብቱ ሰው እስኪመጣ ድረስ በትረ መንግሥት ከይሁዳ ነገድ እንደማይርቅ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49 የተጻፈው ነው። ዛሬ አይሁድ ንጉሥ የላቸውም፤ ዳኝነትም የላቸውም፤ በትሩ ከራቀ ዘንድ እንግዲያስ መሲሕ መጥቷል ማለት ነው አለ። ሲሰሙት የሚያጠግብ ማስረጃ ነው። ሙሴ ግን ታሪክን ጠርቶ መለሰ። በባቢሎን ምርኮ ሰባ ዓመት ሙሉ ንጉሥ አልነበረም፤ ከምርኮ ከተመለሱም በኋላ የነገሡት መቃብያን የሌዊ ነገድ እንጂ የይሁዳ ነገድ አልነበሩም። ስለዚህ የቃሉ ምሥጢር መንግሥት ከቶ አይቋረጥም ማለት አይደለም፤ መንግሥት በሚኖርበት ጊዜ የሚገባው ለይሁዳ ነው ማለት ነው፤ ቢቋረጥም መብቱ አይሻርም አለ። ርስት በባዕድ እጅ ቢቆይ የባለ ርስቱ ስም እንደማይፋቅ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአይሁድ መምህራን ተረክ የተወሰደ ነው። አንድ አይሁዳዊ በሬ ጠምዶ ሲያርስ በሬው ጮኸ፤ መንገደኛው ዐረብ ቤተ መቅደሳችሁ ፈርሷልና በሬህን ፍታ አለው፤ ዳግመኛ ሲጮህ ደግሞ መሲሓችሁ ተወልዷል አለው የሚል ነው። ፓብሎ ይህን አንሥቶ፣ መምህሮቻችሁ መሲሕ ቤተ መቅደሱ በፈረሰ ቀን ተወልዷል ይላሉ፤ እንግዲያስ ምን ትጠብቃላችሁ? ሲል ጠየቀ። ሙሴ የሰጠው መልስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ይህ ዓይነቱ ተረክ ሐጋዳ ይባላል፤ እንደ ስብከት ስለ ሆነ የወደደ ይቀበለዋል፤ ያልተቀበለው ግን ከሃይማኖት አይወጣም። ሁለተኛ፣ ቢቀበሉትም እንኳ ቤተ መቅደሱ የፈረሰው ኢየሱስ ከተወለደ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ስለ ሆነ ተረኩ ስለ እርሱ አይናገርም። ሦስተኛ፣ መወለድና መምጣት አንድ አይደለም፤ ሙሴ ነቢዩ በግብፅ ተወልዶ ወደ ፈርዖን የመጣው በሰማንያ ዓመቱ ነው። በእኛ አገር የአንድምታ ትርጓሜ የተማረ ሰው ይህን ነገር ሳይቸገር ያስተውለዋል። መምህሩ አንድም እያለ ለአንዱ ቃል ብዙ ምሥጢር ሲሰጥ፣ ደቀ መዝሙሩ ለማስረጃ የቆመውንና ለምክር የተነገረውን ይለያል። ፓብሎ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ሲመዝን፣ ሙሴ ሚዛኑ ሁለት ነው አለው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 መጡ፤ ስለ ሌላው በደል የቆሰለው፣ እንደ በግ አፉን ሳይከፍት ለመታረድ ስለ ተነዳው አገልጋይ የተጻፈው ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ቦታ ከሁሉ የቀረበ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነብበው የነበረው ይህንኑ ነውና። ጃንደረባው ፊልጶስን ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ጠየቀው፤ በባርሴሎናም ከ1200 ዓመት በኋላ የተጠየቀው ጥያቄ ያው ነበር። ፓብሎ ስለ መሲሕ ነው አለ፤ የጥንት የአይሁድ መምህራንም ቦታውን ለመሲሕ እንደ ተረጐሙት አመለከተ፤ ይህም እውነት ነው። ሙሴ ደግሞ የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ስለ እስራኤል ሕዝብ ነው፤ ነቢዩ በሌላ ቦታ ያዕቆብን አገልጋዬ ብሎ ይጠራዋልና አለ። በመካከለኛው ዘመን የታወቀው ተርጓሚ ራሺም እንደዚሁ ነበር የተረጐመው። እኔ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክርስቲያን ይህን ምዕራፍ ሲያነብ በዓይኑ ፊት መስቀሉ ይቆማል፤ አይሁዳዊው ሲያነብ ደግሞ የተሰደዱ አባቶቹና የተቃጠሉ መጻሕፍቱ በፊቱ ይቆማሉ። ሁለቱም የሚያነቡት ስለ ተገፋ ሰው ነው፤ በባርሴሎና አዳራሽ የነበረው ልዩነት ግን አንደኛው አንባቢ ገፊ፣ ሁለተኛው ተገፊ መሆኑ ነው።

ስለ ዘመን ቍጥርም ተሟገቱ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ስለ ሰባው ሱባዔ የሚናገረው ቃል የክርስቲያን ሊቃውንት ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ሰባው ሱባዔ 490 ዓመት ሆኖ ወደ ክርስቶስ ዘመን ያደርሳል ይላሉ። ሙሴ በዚያ የተጠራው የተቀባ ሰው ሌላ ነው አለና፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ከተነገረው ከ1290 ቀን ተነሥቶ የራሱን ቍጥር ቈጠረ፤ ቀኑን ዓመት አድርጎ መሲሕ ሊመጣ 95 ዓመት ቀርቶታል አለ። በዚህ ቍጥር መሲሕ መምጣት የነበረበት በ1358 ነው። ዓመቱም መጣ፤ አለፈ። ከክርስቲያኖችም ወገን የዓለምን ፍጻሜ ቀን ቈጥረው ያፈሩ እጅግ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሊቅ በቍጥር የተሰናከለ እንደ ሆነ፣ ዛሬ በየአደባባዩ ዓመት የሚቈጥርልንን ሰው እንዴት ልንሰማው ይገባናል?

የሁሉ ዋና የሆነው ማስረጃ ግን ከመጽሐፍ ጥቅስ ይልቅ ከዓለም ኑሮ የተወሰደው ነው። ሙሴ እንዲህ ሲል አስረዳ። ነቢያት ስለ መሲሕ ዘመን ሲናገሩ ሕዝብ በሕዝብ ላይ ሰይፍ እንደማያነሣ፣ የጦር መሣሪያ የእርሻ መሣሪያ እንደሚሆን፣ ምድርም እግዚአብሔርን በማወቅ እንደምትሞላ ተናግረዋል። ከኢየሱስ ዘመን እስከ ዛሬ ግን ዓለም በግፍና በዝርፊያ ተሞልታለች፤ ከሌሎች አሕዛብም ይልቅ ደም የሚያፈስሱት ክርስቲያኖች ናቸው። ከዚያም ወደ ንጉሡ ዘወር ብሎ፣ ጦርነት መማር ቢቀር ለእርሱና ለፈረሰኞቹ ምን ያህል ይከብዳቸው እንደ ነበር ነገረው። ይህ ቃል የተነገረው ዘመኑን በጦር ሜዳ ለፈጸመ፣ ድል አድራጊ ተብሎ ለሚጠራ ንጉሥ መሆኑን ስናስብ የሽማግሌውን ድፍረት እናደንቃለን።

ለዚህ ክርክር የክርስቲያን ሊቃውንት መልስ አላቸው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። መሲሕ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ በትሕትና ሊሞት፣ ሁለተኛ በክብር ሊፈርድ ይመጣል፤ ሙሉው ሰላም የሚሆነው በሁለተኛው ምጽአት ነው ይላሉ። አይሁዳዊው ይህን ሲሰማ ያልተፈጸመውን ወደ ኋላ ማሻገር ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው የአይሁድ መምህራንም በዚሁ ችግር ተይዘው እንደ ነበር እናያለን። ነቢያት ራሳቸው ሁለት ዓይነት ሥዕል ትተዋልና፤ ዘካርያስ በአህያ የሚመጣ ትሑት ንጉሥ ሲያሳይ፣ ዳንኤል በሰማይ ደመና የሚመጣ ኀያል ያሳያል። ታልሙድ ይህን ለማስታረቅ፣ ሕዝቡ የተገባው ሆኖ ቢገኝ በደመና፣ ባይገኝ በአህያ ይመጣል ይላል። በሌላ ቦታም ስለ ሁለት መሲሖች ይናገራል፤ አንዱ የሚገደለው የዮሴፍ ልጅ፣ ሁለተኛው የሚነግሠው የዳዊት ልጅ ነው። እንግዲህ ክርስቲያን አንድ መሲሕና ሁለት ምጽአት ሲል፣ የአይሁድ መምህራን ሁለት መሲሖች አሉ፤ የሁለቱም ሐሳብ የመነጨው ከአንድ ምንጭ ነው። መከራውና ክብሩ በአንድ መጽሐፍ ተጽፈው እንዴት እንደሚስማሙ መፈለግ ነው።

ስለ መጽሐፉ ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። በጥንት ዘመን ክርስቲያኖች አይሁድ ትንቢቱን ለውጠዋል እያሉ ይከሱ ነበር፤ አይሁድም ክርስቲያኖች የሚያነቡት ትርጉም የተጣመመ ነው ይሉ ነበር። በኢሳይያስ ምዕራፍ 7 የዕብራይስጡ ቃል ወጣት ሴትን የሚያመለክት ዓልማ ሲሆን፣ የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ድንግል ይላል፤ የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው ከግሪኩ ስለ ሆነ እኛም የምናውቀው ይህን ንባብ ነው። በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የኢሳይያስ ጥቅልል በተገኘ ጊዜ ብዙ ነገር ብርሃን አገኘ። ጥቅልሉ ከክርስቶስ ልደት መቶ ዓመት ያህል በፊት የተጻፈ ሲሆን፣ አይሁድ እስከ ዛሬ ከጠበቁት ንባብ ጋራ እጅግ የተቀራረበ ነው፤ በምዕራፍ 7 ያለውም ቃል ያው ዓልማ ነው። ስለዚህ አይሁድ መጽሐፉን ለውጠዋል የሚለው ክስ በዚህ ላይ ወድቋል። ነገር ግን የግሪኩ ትርጉምም ከክርስትና በፊት በአይሁድ እጅ የተሠራ ነው፤ ከዚህም በላይ በምዕራፍ 53 የግሪኩ ትርጉም ብርሃን የሚል ቃል ሲኖረው በተለመደው ዕብራይስጥ የለም፤ በቁምራኑ ጥቅልል ግን ቃሉ ተገኝቷል። ስለዚህ የግሪኩ ንባብ ሁሉ ጠማማ ነው የሚለውም አይጸናም። እነሆ፣ ሁለቱ ወገኖች ስንት መቶ ዓመት ሐሰተኛ ጸሐፊ ሲባባሉ ኖረው መሬት ተቆፍራ ስትመሰክር ሁለቱም የያዙት የአባቶች እጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረታችን እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ነው።

ወደ ባርሴሎና እንመለስ። ክርክሩ ፍርድ ሳያገኝ ተቋረጠ። የከተማው አይሁድ ፈርተው ስለ ነበር ሙሴ እንዲተው ለመኑት፤ ሽማግሌው ቢያሸንፍ ቍጣው፣ ቢሸነፍም ውርደቱ የሚወርደው በእነርሱ ላይ ነውና። በሚቀጥለው ሰንበት ንጉሡ ራሱ ከመነኮሳቱ ጋራ ወደ ምኩራብ ሄደ፤ ራሞንም በዚያ ሰበከ፤ ሙሴም መልስ ሰጠ። ንጉሡ ሙሴን ሲያሰናብት 300 ብር ሰጠው፤ የያዘው ነገር እውነት ባይሆንም እንኳ እንዲህ አሳምሮ የሚሟገት ሰው እንዳላየ መሰከረለት ይባላል። እስከዚህ ድረስ የንጉሡ ነገር ያማረ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አይሁድ የፓብሎን ስብከት እንዲሰሙ፣ መጻሕፍታቸውንም ለምርመራ እንዲያቀርቡ ከንጉሡ ትእዛዝ ወጣ።

ሙሴ የጂሮና ጳጳስ ስለ ጠየቀው የክርክሩን ታሪክ በመጽሐፍ ጻፈ። በ1265 ዶሚኒካኖቹ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ሃይማኖታችንን ሰድቧል ብለው ከሰሱት። እርሱም በአዳራሹ የተናገርሁትን እንጂ ሌላ አልጻፍሁም፤ የተናገርሁትም በንጉሡና በራሞን ፈቃድ ነው አለ። ንጉሡ ሁለት ዓመት እንዲሰደድ፣ መጽሐፉም እንዲቃጠል ሐሳብ ቢያቀርብ ከሳሾቹ ቅጣቱ ቀለለ ብለው አልተቀበሉም፤ ነገሩን ወደ ሮም ወሰዱት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አራተኛው ቀሌምንጦስም ሰውዬው እንዲቀጣ ለንጉሡ ጻፈ። በመጨረሻ ሽማግሌው ቤቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ቅድስት አገር ሄደ፤ በ1267 ኢየሩሳሌም ደረሰ። ከተማይቱ ከጥቂት ዓመት በፊት በሞንጎሎች መምጣት ተራቁታ ነበር፤ ከአይሁድ ወገን ያገኘው ልብስ ቀለም የሚነክሩ ሁለት ወንድማማች ብቻ እንደ ነበሩ ለልጁ በላከው ደብዳቤ ጽፏል። በፈረሰ ቤት ውስጥ ምኩራብ አቋቋመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው በቅድስት አገር በ1270 ዐረፈ።

የክርክሩ ታሪክ ሁለት ሆኖ ደርሶናል፤ አንዱ የሙሴ የዕብራይስጥ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በክርስቲያኖች ወገን በላቲን የተጻፈው አጭር ዘገባ ነው። በዕብራይስጡ ሙሴ ሁሉን መልሶ በክብር ተሰናበተ፤ በላቲኑ ደግሞ መልስ አጥቶ አፍሮ ሸሸ። የሁለቱንም ጽሑፍ ሳነጻጽር እኔን የሚያስገርመኝ ስለ ድሉ አለመስማማታቸው አይደለም፤ ያማ የሰው ጠባይ ነው። የሚያስገርመኝ ስለ ርእሱም እንኳ አለመስማማታቸው ነው። በሙሴ መጽሐፍ መሲሕ መጥቷል ወይስ አልመጣም ተብሎ በጥያቄ የተጻፈው፣ በላቲኑ መሲሕ መምጣቱን፣ አምላክም ሰውም መሆኑን፣ ለሰው ድኅነት መሞቱን፣ የኦሪት ሥርዓትም መቅረቱን ለማስረዳት ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ሙግት መስሎት ሄደ፤ ሌላው ግን ትምህርት ሊሰጥ ተቀምጦ ነበር።

አባቶቻችን በላ ልበልሃ በሚሉት የሙግት ሥርዓት አንደኛው ተጠየቅ ሲል ሁለተኛው ልጠየቅ ይላል፤ ሁለቱም ዋስ ጠርተው በአንድ ዳኛ ፊት እኩል ይቆማሉ። በባርሴሎና ግን ጠያቂው ሁልጊዜ ፓብሎ ነበር፤ ሙሴ እኔም ልጠይቅ ብሎ ቢለምን አልተፈቀደለትም። ዳኛው ንጉሥ ከአንደኛው ተሟጋች ወገን ነው፤ የተሸናፊው ዕጣ ስደት ነው። በእንዲህ ያለ ሸንጎ የተገኘ ድል ድል ነው ለማለት እኔ አልደፍርም። እንዲህ ስል ማስረጃዎቹ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የፓብሎ ማስረጃ እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን እውነት ቢሆንም እንኳ በዚያ አዳራሽ እውነትነቱ ሊታወቅ አይችልም ነበር። ማስረጃን በኀይል የሚያግዝ ሰው የማስረጃውን ኀይል ይሰርቀዋል። ከዚያም በኋላ የሆነው ይህን ይመሰክራል። በ1391 በስፔን ብዙ አይሁድ ተገደሉ፤ ብዙዎችም ሞትን ፈርተው ተጠመቁ። በ1413 በቶርቶሳ የተጀመረው ክርክር 69 ጊዜ ተሰብስቦ እስከ 1414 ቈየ፤ ብዙ ሰውም ከመሰልቸትና ከፍርሃት የተነሣ ተጠመቀ። በ1492 የቀሩት አይሁድ ከስፔን ተባረሩ። በማስረጃ የጀመረ ሙግት በስደት አለቀ።

ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ግን የክርስቲያኖች ልብ በዚህ ነገር ሲለሰልስ እናያለን። በ1965 የቫቲካን ጉባኤ በክርስቶስ ሞት ምክንያት የአይሁድን ሕዝብ ሁሉ መኰነን እንደማይገባ ወሰነ። በ2001 ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ኮሚሲዮን ባወጣው ጽሑፍ፣ ትንቢቱ በክርስቶስ ተፈጽሟል ከሚለው እምነቱ ሳይወጣ፣ አይሁድ መጽሐፉን የሚያነቡበት መንገድ የሚቻል ንባብ እንደ ሆነ፣ መሲሕን መጠባበቃቸውም ከንቱ እንዳልሆነ መሰከረ። የራሱን ሃይማኖት ሳይለቅ ለባላጋራው ሚዛን የሚያቀና ሰው ሃይማኖቱ የጸና ነው እላለሁ፤ የሚጮኸውና የሚያስፈራራው ግን በልቡ የሚጠራጠር ነው።

እንግዲህ ትንቢቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ክርስቲያን ተፈጸመ ሲል ከተሰቀለውና ከተነሣው ጌታ ጀምሮ ነቢያትን ወደ ኋላ ያነብባል፤ በዚያ ብርሃን እያንዳንዱ ቃል ቦታውን ያገኝለታል። አይሁዳዊው አልተፈጸመም ሲል ከተስፋው ጀምሮ ወደ ፊት ያነብባል፤ መስኮቱን ከፍቶ ሲያይም ሰይፉ ገና ማረሻ አልሆነም። አንደኛው በአንድ ሰው ሕይወት የሆነውን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው በዓለም ሁሉ ያልሆነውን ይመሰክራል። ይህን ልዩነት ንጉሥ በአዋጅ፣ መነኩሴም በጥቅስ ብዛት ሊያጠፋው አልቻለም፤ እምነት የሚሰጠው ከልብ ነውና። ሁለቱ ግን ሳያውቁት በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ አንዱ ዳግመኛ ምጽአትን፣ ሌላው የመጀመሪያውን ምጽአት እያለ ሁለቱም እስከ ዛሬ ያንኑ አንዱን ሰላም ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ከዚያ አዳራሽ ይዘን ልንወጣ የሚገባን የፓብሎን ጥቅስ ወይም የሙሴን መልስ ብቻ አይመስለኝም። ሽማግሌው ለንጉሡ የተናገረው ያ ከባድ ቃል ዛሬም መልስ ይፈልጋል፤ ሰላሙ የታለ? ይላል። ለዚህ ጥያቄ ክርስቲያን ምዕራፍና ቍጥር ቢቈጥር አይበቃውም። ትንቢቱ በጌታዬ ተፈጽሟል የሚል ሰው የጎረቤቱን ድንበር ሲገፋ፣ የደካማውን አንደበት ሲዘጋ፣ የሰጠውን ቃል ሲያጥፍ ቢገኝ የራሱን ማስረጃ በራሱ እጅ ይቀድደዋል። ተስፋውን ገና እጠብቃለሁ የሚለውም በእጁ ሥልጣን በገባ ጊዜ የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ወዳጄ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሃይማኖትህ እንድትሟገት የጠሩህ እንደ ሆነ ሂድ፤ የምታምነውንም ሳታፍር ተናገር። ነገር ግን ከመጀመርህ በፊት ባላጋራህ ሳይፈራ ሊመልስልህ ይችል እንደ ሆነ መርምር፤ ያሸነፈህም እንደ ሆነ በሰላም ቤቱ መግባቱን ጠይቅ። ይህ ካልሆነ ሙግቱን ተወውና መጀመሪያ ፍርሃቱን ከላዩ አንሣለት፤ ስለ ትንቢቱ የምትሰጠው ከሁሉ የሚሻለው ምስክርነት ይኸው ነውና።